ለክቡር የውሃ ዋና መወዳደሪያ ልብስ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሰው ስም የተመዘገበ ሪከርድዎን እንዲረከቡ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህ ማመልከቻ የሚቀርብልዎ ስምዎን ለማጥፋት ሳይሆን፣ በስምዎ መመዝገብ ሲገባው በሌላ ሰው ስም ተይዞ የሚገኝ ንብረት እንዳለዎ ለማሳወቅ ነው። ክቡርነትዎ ጠባብ በመሆንዎ ነገሩ ቶሎ እንደማይገባዎ ስለምገምት፣ ታሪኩን ከሥሩ ባነሣው ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 የዋና ልብስ አምራቹ ስፒዶ «ኤልዜድአር ሬሰር» ብሎ ለዓለም ሲያስተዋውቅዎ ተራ ቁምጣ እንዳልነበሩ አይካድም። ጨርቅዎ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በነፋስ መፈተሻው ውስጥ የመረመረው፣ መጋጠሚያዎ በመርፌና በክር ሳይሆን በአልትራሳውንድ የተበየደ፣ በላዩም ፖሊዩሪቴን የተባለ የፕላስቲክ ንጣፍ የተለጠፈበት ነበር። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ በመሆኑ፣ ዋናተኛ ዕድሜውን ሙሉ የሚታገለው ጎኑ ካለው ተወዳዳሪ ይልቅ ከውሃው ጋር ነው፤ ዳሌው እንዳይሰምጥ፣ ሆዱ እንዳይላላ፣ ጭኑ እንዳይርገበገብ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ ለዓመታት ይሠለጥናል። እርስዎ ግን ገላውን ጨምቀው፣ ቅርጹን አቅጥነው፣ ከውሃው ከፍ አድርገው አንሳፈፉትና የዓመታቱን ልፋት በአንድ ዚፕ ገላገሉት። የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን፣ ያኔ ፊና ይባል የነበረው፣ ፍጥነትን ወይም መንሳፈፍን ወይም ጽናትን የሚያግዝ ማናቸውንም ነገር መልበስ የሚከለክል ደንብ በመጽሐፉ ላይ ጽፎ ሳለ፣ እርስዎን አገላብጦ አይቶ ከልብስ ቆጥሮ አሳለፈዎ። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሎምፒክ ከተሰበሩት 25 የዓለም ሪከርዶች 23ቱ የተሰበሩት በእርስዎ ነው፤ ይቅርታ፣ በለበሱዎ ሰዎች ነው ለማለት ነው።

ይህ የአነጋገር ስሕተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ጃፓናዊው ዋናተኛ ኮሱኬ ኪታጂማ ከኦሎምፒኩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ ስለ እሱ ትቶ ስለ እርስዎ ሲጠይቀው ቢሰለቸው፣ «የምዋኘው እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሶ በአንድ ውድድር ላይ ብቅ አለ። በዚያው ውድድር ግን ካናቴራውን አውልቆ እርስዎን አጠለቀና የ200 ሜትር ደረት ቀዘፋን የዓለም ሪከርድ ወደ 2 ደቂቃ ከ7.51 ሰከንድ አወረደው። እንግዲህ ከካናቴራውና ከሰዓቱ የትኛውን እንመን? ዋነኛው በደልዎ ይኸው ይመስለኛል፤ መፍጠንዎ ሳይሆን፣ ሰውየው ራሱ ምን ያህሉ የእሱ እንደሆነ እንዳያውቅ ማድረግዎ።

በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ ደግሞ የሥጋ ዘመዶችዎ የአሬናው ኤክስ-ግላይድና የጣሊያኑ ጃኬድ ከእርስዎ ብሰው መጡና በስምንት ቀን ውስጥ 43 የዓለም ሪከርዶች ረገፉ። በቤጂንግ በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ አምስተኛ የወጣው ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አራት ሰከንድ ቀንሶ በ1 ደቂቃ ከ42.00 አሜሪካዊውን ማይክል ፌልፕስን ጥሎት ገባ። የፌልፕስ አሠልጣኝ ቦብ ቦውማን ነገሩ ካልተስተካከለ ፌልፕስን ከውድድር አስቀራለሁ ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ዳሩ ግን ከዓመት በፊት ፌልፕስ እርስዎን ለብሶ ስምንት ወርቅ ሲሰበስብ ይህ ሁሉ የፍትሕ ስሜት የት ተኝቶ እንደነበር የሚጠይቅ አልተገኘም። ከሁሉም ጨዋ ሆኖ የተገኘው አሸናፊው ነው፤ ቢደርማን ልብሱ ለውጥ እንደሚያመጣ ሳይሸሽግ ተናግሮ፣ ያለ ልብሱ ፌልፕስን የሚያሸንፍበት ቀን እንዲመጣ ተመኘ። የሰው ወርቅ እንደማያደምቅ ገብቶታል ማለት ነው።

ፊና በዚያው በሮም ጉባኤው ነቅቶ በ168 ድምፅ ለ6 አገደዎ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2010 ጀምሮ የወንዱ ልብስ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ የሴቷ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ጨርቁም የተሸመነ ጨርቅ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ ሌባውን አስሮ የሰረቀውን ዕቃ ግን እዚያው ያገኘው ሰው ቤት ተወው። ሪከርዶቹ ምልክት እንኳ ሳይደረግባቸው መዝገብ ላይ ቀሩ። እርስዎ ሲታገዱ ገና ሕፃን የነበረው ሮማኒያዊው ዳቪድ ፖፖቪች፣ የብራዚላዊውን የሴዛር ሴሎን የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሪከርድ፣ 46.91 ሰከንድን፣ ለመስበር እስከ 2022 መጠበቅ ነበረበት፤ እሱም በዚያው በሮም ገንዳ በ0.05 ሰከንድ ብቻ ነው የበለጠው። የቢደርማን የ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሪከርድ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2025 ቆይቷል። በአትሌቲክስ ከሁዋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ሲበልጥ የ100 ሜትሩ ሰዓት ለሪከርድ አይያዝም፤ ሯጩን የወቀሰው የለም፣ ነፋሱን ለብቻው ጽፈው ያልፋሉ። ዋናም እንዲሁ ማድረግ ይችል ነበር።

እርስዎ ግን ታግደው አርፈው አልተቀመጡም። ልጆችዎ ዛሬ በሕጋዊ ጨርቅ፣ እስከ 400 ዶላርና ከዚያም በላይ እየተጠየቀባቸው፣ እኛ ስደተኞች ልጆቻችንን ቅዳሜ ጠዋት ይዘን በምንሄድባቸው የአሜሪካ የልጆች ውድድሮች ላይ ይታያሉ። በመልበሻ ክፍሉ ልጅቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደግፋ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ታስገባለች፤ እናት ጥፍሯ ጨርቁን እንዳይቀደው በጣቷ ሥጋ ብቻ ከጭን ወደ ዳሌ ትገፋለች፤ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ሲጨርሱ ልጅቱ ዋኝታ የምትወጣው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ዋና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች እነዚህን የእርስዎን ዘሮች እንዳይለብሱ ከልክሏል፤ ስለዚህ በእኛ ቤት የ13ኛ ዓመት ልደት ስጦታ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ የታወቀ ነው። ከፍለን የምንገዛልዎ እኛው መሆናችንንም አልክድም፤ የጎረቤት ልጅ ከለበሰች ምን ይደረጋል?

ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ ከ2008 እና 2009 የቀሩት ሪከርዶች ስምዎ ከዋናተኛው ስም ጎን እንዲጻፍባቸው ለፌዴሬሽኑ እንዲያመለክቱ፣ የሜዳሊያም ድርሻ ካለዎ በአካል ቀርበው እንዲረከቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ወፍራም ሶል ላለው የሩጫ ጫማ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ፣ ሶልዎ ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 በልጦ በመገኘቱ ውጤቱ ሲሰረዝበት እርስዎን የነካዎ የለም፤ ተራዎን ይጠብቁ።