መብራት አጥፉ ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን ታናሽ እህቴ ከአገር ቤት ደወለችልኝ። ወሬያችን ዞሮ ዞሮ መብራት ሂሳብ ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ ማታ አንድ አምፖል ብቻ አብርተን ነው የምንቀመጠው። ካርዱ ግን አልበረክት ብሎናል» አለችኝ። የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታወሰችኝ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ብርዱ እንደገባ ያልጠበቅኩት ሂሳብ ሲመጣብኝ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ክፍል በክፍል እየዞርኩ መብራት አጠፋሁ። የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ንቅንቅ አላለም።

ሁላችንም «መብራት አጥፋ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ያኔ ልክ ነበር። የድሮው አምፖል 60 ዋት ይበላል፤ አብዛኛው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ዛሬ ያንን ያህል ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ አምፖል የሚበላው 9 ዋት ገደማ ነው። የድሮ አምፖል እስካሁን ያለበት ቤት ይቀይረው። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ገንዘቡን የሚበላው ሙቀት ነው። እዚያም እዚህም ያየሁት ይህንኑ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር እንውሰድ። ውሃውን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችንን የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ኃይል ባለ 9 ዋቱ አምፖል ከ400 ሰዓት በላይ ይበራል። ማታ ማታ ለአምስት ሰዓት ቢበራ ሁለት ወር ተኩል አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። እህቴ ቤት አምፖሉ ጠፍቶ ቦይለሩ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ማንም ባይታጠብም ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ቦይለሩ መልሶ ያሞቀዋል። ዲግሪውን ግን ከ60 በታች አውርዱ አልልም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። የሚሻለው ሰዓቱን መቆጣጠር ነው። ከመታጠቢያ ሰዓት ቀደም ብሎ ማብራት፣ ሲጨርሱ ማጥፋት።

እዚህ ደግሞ ትልቁ በላተኛ የቤት ማሞቂያው ነው። ብዙዎቻችን ከሥራ በርዶን ስንገባ ቴርሞስታቱን (የማሞቂያውን ዲግሪ መቆጣጠሪያ) 30 ላይ እናደርሰዋለን፤ ቶሎ የሚሞቅ ይመስለናል። አይሞቅም። ቤቱ የሚሞቅበት ፍጥነት ያው ነው፤ ልዩነቱ ማሞቂያው የሚበቃን ሙቀት ላይ ሳይቆም አልፎ መሄዱ ብቻ ነው። ውጭው ዜሮ ዲግሪ በሆነበት ቀን ቤቱን ከ23 ወደ 20 ብናወርደው በግድግዳና በመስኮት የሚወጣው ሙቀት 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሹራብ ደርቦ መቀመጥ ይበቃል። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ለመቆጠብ ብሎ መብረድ የለበትም።

አንድ ምሽት ሶፋ ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ እጄን ውሃ ነከርኩና በበሩ ሥር አስጠጋሁት። ንፋሱ እንደ ምላጭ ነበር። ወዲያው እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷ አቧራ እንዳይገባ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ በር ሥር ትወትፍ ነበር። እኔም ፎጣ ጠቅልዬ ወተፍኩት። በማግስቱ ሶፋውን ከማሞቂያው ፊት ዞር አደረግኩት፤ ለካ ሙቀቱን ሁሉ የሚጠጣው ጀርባው ነበር። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፣ ክፍሉ ግን ሌላ ክፍል ሆነ።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። አገር ቤት ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ፀሐይ በነጻ ታደርቀዋለች። እኛ ግን እዚህ ከመጣን ገመዱን ረሳነው። ፀሐይ ፍንትው ባለበት የበጋ ቀን ማድረቂያው ሲጮህ እሰማለሁ። ማድረቂያም ሙቀት ነው። ካውያም እንዲሁ፤ አንዴ ካሞቅነው የሳምንቱን ልብስ አብሮ መተኮስ ይሻላል።

ኩሽና ውስጥ ደግሞ ክዳን። ድስት ተከድኖ ሲፈላ ሙቀቱ አያመልጥም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምር ግለቱ አይጨምርም፤ እንፋሎት ብቻ ነው የምናተርፈው። ለአንድ ስኒ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ማፍላትም ይቅር። ፍሪጁን 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩን ከዜሮ በታች 18 ላይ ማድረግ ይበቃል። የበሩ ጎማ መላላቱን ለማወቅ ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉበት፤ ስትስቡት ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው እየወጣ ነው።

ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፋ ስለሚቀረው ቀይ መብራት ብዙ ይወራል። አዳዲሶቹ በዚያ ሁኔታ ከአንድ ዋት በታች ነው የሚበሉት። ሌት ተቀን ሶኬት ላይ የሚቆየው የዲሽ ሪሲቨር ግን 10 ዋት ቢበላ በዓመት ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። እሱን መንቀል ያዋጣል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ አልዘረዘርኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። «ሁሉንም አጥፊና ቆጣሪው ጋ ቁሚ። ከዚያ አንድ በአንድ አብሪ» አልኳት። አምፖሎቹን አበራች፤ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለው ቀይ ነጥብ እምብዛም አልፈጠነችም። ቦይለሩን ስታበራ ግን በስልክ ድምጿ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይኼማ ይሮጣል!» አለች። የዚያን ዕለት ማታ ታጥበው ሲጨርሱ አጥፍታው ተኛች። ጠዋት ደውላ ውሃው ገና ሙቅ መሆኑን ነገረችኝ። ልጆቹም በእሱ ፊታቸውን ታጥበው ትምህርት ቤት ሄደዋል።