ደስታን ቀጠሮ ሰጥታችሁ የተቀመጣችሁ የባህር ዳር ሰዎች ስሙኝማ

እረ ወገን ምን ነካን? የእድር ጡሩምባ በሌሊት ሲነፋ ነጠላውን ዘቅዝቆ የማይሮጥ የለም፣ የጎረቤት ልጅ ከፖሊ ቴክኒክ ሲመረቅ ግን ቴሌግራም ላይ አበባ ልከን እንተኛለን። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ከደስታ የቀረውን ማን ጠየቀው?

ሁሉም ሰው ደስታውን ቀጠሮ ሰጥቶታል። ዲቪ ሲደርሰኝ፣ ቤቴን ስጨርስ፣ ባጃጇን ሸጬ መኪና ስገዛ ምናምን፣ ያኔ ነው የምደሰተው ይላል። ይደርስለታል፣ ይለምደዋል፣ ሌላ ቀጠሮ ይይዛል። በፈረንጆቹ 1978 ተመራማሪዎች ኢሊኖይ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች እዛው አካባቢ ከሚኖሩ ምንም ካልደረሳቸው ጋር አወዳድረው ነበር፣ በደስታ ያን ያህል አልበለጧቸውም፣ እንደውም ቁርስ መብላትና ከጓደኛ ጋር ማውራት ለባለሎተሪዎቹ ጣዕሙ ቀንሶባቸው ተገኘ። 22 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሎተሪም ሳይደርሰን እኛ ላይ የማየው ይሄንኑ ነው። ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ዶፓሚን የሚባለው ነገር ከጠበቅነው በላይ ሲመጣልን ነው ከፍ የሚለው፣ የጠበቅነው ልክ እንደጠበቅነው ሲመጣ ዝም ይላል። ታዲያ እድሜ ልክህን ስትጠብቀው የኖርከው ነገር እንዴት አድርጎ ያጥግብህ?

ገንዘብ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ብር ሲያገኝ በደንብ ይቀለዋል፣ ይሄን የሚክድ ተቸግሮ የማያውቅ ነው። የነዚህን ዓመታት ስጋትም ለእናንተ አልነግራችሁም፣ በጊዜ በር መዝጋት የለመድነው ወደን አይደለም። ግን በጠራራ ፀሐይስ? ማንጎ ፓርክ አራት ሆነው ይመጣሉ፣ ጣናን ፊት ለፊት አድርገው አራቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ቲክቶክ ያያሉ፣ ሰልፊ ሲሆን ብቻ ይጠጋጋሉ። እረ ተው!

ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1938 የጀመረው ጥናት ወጣት ወንዶችን ይዞ እስከ እርጅናቸው ተከተላቸው፣ ሀብታም ቤት ያደገም ደሀ ሰፈር ያደገም ነበረበት። በ50 ዓመታቸው ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ደስተኛ የነበሩት በ80ም ጤናቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ ከኮሌስትሮላቸው ይልቅ ወዳጅነታቸው ነበር እርጅናቸውን የተናገረው። እኛ ይሄን ማህበሩንም ሰንበቴውንም ቡናውንም ከናት ከአባት ወርሰን እጃችን ላይ እያለ ነው የምንጥለው። ጀበናው ተጥዶ ጎረቤት ሳይጠራ አቦል የሚጠጣበት ቤት በዝቷል፣ ያሳዝነኛል በእውነት።

ደሞ ደስታ መደበቅ የሚባል ነገር አመጣን። ስራ ያገኘ "ምቀኛ እንዳይሰማ" ብሎ ዝም፣ ያረገዘች ዝም፣ ከበሽታ የዳነ ዝም። ሰው ደስታህን ካልሰማ ከየት አምጥቶ ይደሰትልህ? የሰርጉ ቀን ብቻ ተበድረን አዳራሽ ተከራይተን ቪዲዮ እናሰራለን፣ በማግስቱ እዳ።

የእድር ዳኞች፣ እናንተንም ነው የምለው። ጡሩምባ የሚነፋው ሰው አለ፣ ድንኳኑም ወንበሩም አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙልን፣ ሰፈር ውስጥ አራስ ሲኖር፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ታሞ የዳነ ሲኖር እድርተኛው ተጠርቶ ይሂድ፣ ብር አይዋጣ፣ ቆሎና ቡና ይበቃል፣ የቀረም እንደ ለቅሶው ይቀጣ።