99 በመቶ ትክክል? እስቲ በቀን ስንቴ እንደሚጮህ ንገሩን

ሰሞኑን አንድ የምርምር መድረክ ላይ አንድ መምህር ኔትወርክ ውስጥ ሰርጎ የሚገባን አጥቂ ለይቶ ማንቂያ የሚያሰማ የኮምፒውተር ሞዴላቸውን አቀረቡ። "በውሸት የሚጮኸውስ?" ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። የተሳሳተ ማንቂያ ጉዳት የለውም፣ ባለሙያው አይቶ ያልፈዋል አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ሞዴሉ 99 በመቶ ትክክል ነዋ!

አይቶ ያልፈዋል? ችግሩ እሱ ነው እኮ! በ2013 እ.ኤ.አ. ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ የችርቻሮ መደብር ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኩባንያው ፋየርአይ ከሚባል የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ማንቂያ ገዝቶ ተክሏል። ሌቦቹ ቫይረሳቸውን ሲጭኑ ማንቂያው ጮኸ። ሕንድ ባንጋሎር ሆነው ማንቂያውን የሚከታተሉት ባለሙያዎች አይተው ሚኒያፖሊስ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ላለው የደኅንነት ቡድን አሳወቁ። እዚያ ሲደርስ ታለፈ። 40 ሚሊዮን የክፍያ ካርድ ተዘረፈ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም በወራት ውስጥ ወንበሩን ለቀቀ። ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ማንቂያ ሲጎርፍበት የሚውል ሰው ጆሮው ይደነዝዛል፣ በቃ።

ሒሳቡን እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። አንድ ባንክ ኔትወርኩ ላይ በቀን አንድ ሚሊዮን እንቅስቃሴ አለ እንበል። ከዚያ ውስጥ 10ሩ እውነተኛ ጥቃት ናቸው። የመምህሩ ሞዴል 10ሩንም ይያዝ፣ እሺ። ከቀረው ላይ ግን አንድ በመቶ ብቻ ቢሳሳት 10 ሺህ የውሸት ጩኸት ነው። በደቂቃ ሰባት ገደማ። አንድ የሌሊት ተረኛ፣ አንድ ስክሪን፣ በደቂቃ ሰባት ቀይ መስመር፣ ከሺህ አንዱ ብቻ እውነት፤ እና ይሄ ሰውዬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትክክለኛዋን ለይቶ አለቃውን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል ብለን ነው የምናጨበጭበው? ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድመት የዘለለችበት ቪትዝ ሲጮህ ሌባ መጣ ብሎ የሚወርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚሰማው የባለቤቱ እናት ስም ሲነሳ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ ስዊድን ውስጥ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቴፋን አክሰልሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ጽፎ ጨርሶታል። አዲስ ነገር አልተናገርኩም።

ደግሞ 99ኙ በመቶ ከየት መጣ? ሞዴሉ የሠለጠነው ኬዲዲ 99 በሚባለው ዳታ ነው። የአሜሪካን አየር ኃይል ኔትወርክ አስመስለው በ1998 እ.ኤ.አ. ከሠሩት ሙከራ የተወሰደ ነው። ያኔ ቴሌብር የለ፣ ሞባይል ባንኪንግ የለ። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ከ4.9 ሚሊዮን ገደማ መዝገቡ ውስጥ 80 በመቶው ጥቃት ነው። ከአሥር ስምንቱ ጥቃት የሆነበት ኔትወርክ የት አገር አለ? ካለም የሚያስፈልገው ማንቂያ ሳይሆን ገመዱን የሚነቅል ሰው ነው። እዚያ ላይ 99 ማምጣት የተሰረቀ ፈተና ተፈትኖ እንደመድፈን ነው፤ ግን አሁንም ማስተርሱ በዚሁ ይጻፋል፣ ምረቃው በዚሁ ይደምቃል።

የንግድ ባንክን የመጋቢት 2016 ሌሊት አስታውሱ። ሰዎች በራሳቸው ካርድ፣ በራሳቸው ፒን፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር አወጡ። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሲዞር ኤቲኤም ጋ ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፣ ይሁን። የወጣው ብር ግን 801 ሚሊዮን ገደማ ነው። ያን ሌሊት የመምህሩ ሞዴል ቢኖር ምን ያይ ነበር? ምንም። ሁሉም ሕጋዊ ደንበኛ ነው፣ የ1998ቱን ጥቃት የሚመስል የለም። ዝም ብሎ ያድር ነበር፣ ዝም ማለት በሌለበት ሌሊት።

አንድ ነገር ልመን፣ ተመራማሪው የአገር ውስጥ ዳታ ከየት ያምጣ? ባንኮቻችን ሎጋቸውን፣ ማለትም የኔትወርካቸውን የእንቅስቃሴ መዝገብ፣ ከሚያሳዩ ካዝናቸውን ቢከፍቱ ይቀላቸዋል። ስምና የሒሳብ ቁጥሩን አጥፍቶ የአንድ ወር መዝገብ ለዩኒቨርሲቲ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል? አይሰጡም፣ ከዚያ ከውጭ በዶላር ማንቂያ ይገዛሉ። ይሄ ግን ለመምህሩ ሰበብ አይሆንም። ከዚያው ከአሮጌው ዳታ ላይ እንኳ በቀን ስንት የውሸት ጩኸት እንደሚወጣና ስንት ተረኛ እንደሚፈልግ አስልቶ መጻፍ ይቻላል፣ አንድ ሠንጠረዥ ነው። እሱን ሳያመጡ ባንኮቹን ግዙኝ ማለት ድፍረት ነው።