ሰባት ኩንታል እና የተደረበች ባሌስትራ

ክርክር፦ ለአዲስ አበባ ዳር ሹፌር ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ትበጀዋለች? አንደኛው ጸሐፊ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአሮጌ ነጠላ ጋቢና ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ሁለተኛው አቃቂ ላይ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው።

ሹፌሩ፦

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአራተኛ ፎቅ ጨለማውን ደረጃ እየዳበስኩ እወርዳለሁ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነቅሎ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳም ሃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ እንጀራዬ ከኮንዶሚኒየሙ እስከዚያ ባለው መንገድ ላይ ነው። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ለየሱቁ ካደልኩ በኋላ የተገኘውን እጭናለሁ፤ ቤት የሚለቅ ተከራይ፣ ከእንጨት ቤት የወጣ አልጋ፣ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ። ቀኑን ሙሉ ስባዝን ብውል 90 ኪሎ ሜትር አልሞላም።

ለዚህችው ነው እንግዲህ ቤንዚን ጠፋ በተባለ ቁጥር ማደያ በር ላይ ጋቢና ውስጥ ተኮራምቼ የማድረው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት እያልኩ ያገኘኋትን የምመልሰውም ለዚህችው ነው።

ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ይሁን፣ በኤሌክትሪክ እንሥራ። ግን ምን ገባልን? ጣሪያው መስታወት የሆነ፣ እስክሪኑ በቻይንኛ የሚያዝዝ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ የቤተሰብ መኪና። ሰርግ ላይ ያምራል፤ ቲማቲም አይጭንም። እኔ የምፈልጋት ሁለት ወንበር፣ ስፖንዳ፣ በእጅ የሚዞር መስኮትና ጥሩ ፍሬን ያላት ናት። ሬዲዮም ይቅርባት።

ይህ የድሃ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስሌት (Slate) የሚባል ኩባንያ በሚያዝያ 2017 ልክ እንዲህ ዓይነቷን አሳይቷል። መስኮቷ በእጅ ይዞራል፣ ሬዲዮ የላትም፣ ቀለም እንኳ አልተቀባችም፤ በአንድ ሙሌት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተብሏል። የተራቀቀው ሰልችቶት ቀላሏን የሚመኝ እዚያም አለ ማለት ነው። ለእኔ ሥራ ሰባት ኩንታል የምታነሳ ከሆነች ይበቃኛል። (አሁን ያለችኝ ላይ አንድ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ ማለቴ ነው፣ አስደርቤያለሁ፤ እሱ ግን ለጥንቃቄ ነው።)

መካኒኩ፦

«ለጥንቃቄ» አለ!

ልጄ፣ ጋራዥ ከከፈትኩ 27 ዓመቴ ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ባሌስትራ የሚያስደርብ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው ለጥንቃቄ ትርፍ ጎማ ይይዛል፣ ክሪክ ይይዛል። ባሌስትራ የሚደረበው መኪናዋ ከተሠራችበት በላይ ልትጫን ሲታሰብ ነው። አንተ በቅንፍ ውስጥ የደበቅካት ዓረፍተ ነገር የክርክሩ ሁሉ መልስ ናት።

የጠቀስካት የአሜሪካ ፒክአፕ ስንት ታነሳለች? 650 ኪሎ ገደማ፣ ስድስት ኩንታል ተኩል። ያውም ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ጨምሮ ነው። አንተና ረዳትህ ስትገቡ ለሽንኩርቱ አምስት ኩንታል ይተርፋል። ዋጋዋም ከ20,000 ዶላር በታች ተብሎ የተለፈፈው የመንግሥታቸው 7,500 ዶላር ድጎማ ተቀንሶ ነበር፤ ድጎማው መስከረም 20 ቀን 2018 አበቃ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ባትሪዋ 52.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከቤት ሶኬት በ16 አምፔር ቢሳብ 3.5 ኪሎ ዋት ነው የሚወጣው፤ ባዶውን ለመሙላት 15 ሰዓት። መብራት ካልጠፋ ነው ይሄ። ደግሞስ አራተኛ ፎቅ አይደል የምትኖረው? ገመዱን በመስኮት ልትለቀው ነው?

ሹፌሩ፦

በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የራሴ ልጆች አሉኝ።

አሥራ አምስት ሰዓት ያሉት ባዶ ባትሪ ነው። እኔ ባዶ አላደርገውም። 240 ኪሎ ሜትር በ52.7 ከሆነ፣ የእኔ 90 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው። ስድስት ሰዓት አይፈጅም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሰክቼ ብተኛ ከመነሳቴ በፊት ሞልቷል። ስሌቱን ሲያሰሉ እስከ መጨረሻው ያስሉት።

ዳገቱንስ ለምን ዘለሉት? አዲስ አበባ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት፣ የሌለው ሞተር እዚህ አየር እያጠረው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዕቃ ጭኜ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትደርሰው፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋብኛል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ ከፍታው አይገደውም። ስወርድ ደግሞ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከወጪዬ ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልስልኛል። ቤንዚን ቁልቁለት ላይ ወደ ሰልባታዮ ተመልሶ ያውቃል?

ትንሽነቷን ደግሞ ናቁት። ጃፓኖች ርዝመቷ ከ3 ሜትር ከ40 የማይበልጥ፣ ሞተሯ 660 ሲሲ የሆነች የጭነት መኪና አላቸው። ገበሬው፣ ዓሣ ነጋዴው፣ አናጢው በእሷ ነው የሚሠራው። ሀብታም አገር ነው፤ አላፈሩባትም።

ባሌስትራዋን በተመለከተ፣ የጭነቱ ባለቤት ነው ያስደረበኝ። «አንድ ሁለት ከረጢት ጨምርበት» ሲለኝ እምቢ ብል ሌላ ፒክአፕ ይጠራል። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና የዘይት ቅያሬ የሌለው መኪና ሲመጣ የእርስዎ ጋራዥ ምን ይሠራል? ክርክሩን ከዚህ ቢጀምሩት ይሻል ነበር።

መካኒኩ፦

ይህን እጠብቅ ነበር። ሰው መልስ ሲያጣ ኪስ ይቆጥራል። እኔ የስንቱን ሹፌር መኪና በዱቤ ሠርቼ፣ ዱቤውንም ረስቼ ኖሬያለሁ። ኤሌክትሪክም ቢመጣ ኩሽኔታ ያልቃል፣ ፍሬን ያልቃል፣ ጎማ ይበላል፤ እዚህ ኮረኮንች ላይ ባሌስትራ ይሰበራል። አዎ፣ ባሌስትራ! ለእኔ እንጀራ አታስብ።

አሁን ወደ ጃፓኗ እንምጣ። ያቺ የምታመሰግናት መኪና የምትጭነው 350 ኪሎ ነው። ሦስት ኩንታል ተኩል፣ ማለትም ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ። አንተ አሥር ከረጢት እጭናለሁ ብለህ ጀመርክ፣ ቀጥለህ ሰባት ኩንታል ይበቃኛል አልክ፣ አሁን ደግሞ ሦስት ተኩሉን እያሞገስክ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፍህ ጋሪ እንዳታመጣብኝ እፈራለሁ።

የጭነቱ ባለቤት አስደረበኝ ትላለህ። ታዲያ እሱ ሰውዬ ኤሌክትሪክ ስትገዛ ይሞታል? ያው ሰው ነው፣ ያው «ጨምርበት» ነው። ቤንዚኗን ያልማረ ባትሪዋን አይምራትም። አሮጌዋ ስትጎብጥ እኔ አቀናታለሁ፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው፣ ጎብጦ ጉድጓድ ሲመታ ማን ያቀናዋል? የምታወሩለት «ቀላል» መኪና መስኮቱ በእጅ ስለዞረ ነው ቀላል የተባለው? ለእኔ ቀላል ማለት ከፍቼ ማየት የምችለው ነው። አሁን የሚገቡት የታሸጉ ናቸው፤ ችግሩን የሚያነበው ኮምፒውተር ካልተገኘ መኪናው ቆሞ ያድራል። ባለፈው ክረምት አንዷን ወደ እኔ ጎትተው አምጥተዋት ኮፈኗን ከፍቼ ዘጋሁት። በ27 ዓመት አንዴም እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የገመዱን ነገር አልመለስክም።

ሹፌሩ፦

ስለ ኮፈኑ የተናገሩት ልክ ነው፤ ደስም አላለኝም። ግን እኮ እኔም የምጮኸው ለዚሁ ነው! እርስዎ የሚፈቱት፣ መለዋወጫው ሱቅ የሚገኝ፣ እስክሪን የሌለው ይምጣ እያልኩ ነው። ከእኔ ጋር ሆነው በእኔ ላይ ይከራከራሉ።

ወደ ጭነቱ ልመለስ፣ እሱን ካልመለስኩ አይለቁኝምና። ለምን አበዛለሁ? አንድ ቢያጆ፣ አንድ ምልልስ፣ የነበረውን ሁለት ካደረግኩት ቤንዚኑ ትርፌን ስለሚበላው ነው። አሥር ኩንታል በአንድ ጊዜ ማድረስና አምስት አምስት አድርጎ ማድረስ በቤንዚን አንድ አይደለም። በኤሌክትሪክ ግን የሁለተኛው ቢያጆ ወጪ ከሻይ ከዳቦ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ትንሿ መኪና ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፣ ማንም አይጎብጥም። የጭነቱን ባለቤትም «ተመልሼ እመጣለሁ» እለዋለሁ። እርስዎ የሚያዩት ስንት ታነሳለች የሚለውን ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች የሚለውን አያዩም። ባሌስትራ ያስደረበኝ የቤንዚን ዋጋ ነው ልበልዎ? ይኸው አልኩ።

መካኒኩ፦

መጀመሪያ ለጥንቃቄ ነበር። ከዚያ የጭነቱ ባለቤት ሆነ። አሁን ቤንዚን ሆነ። ያቺ ባሌስትራ ስንት አባት አላት?

እሺ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለስ። ቃሊቲ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቆመህ አይተሃል? ለባትሪህ ተብሎ መንገዱ አይከፈትም። ሁለተኛውን ቢያጆ ይዘህ ስትደርስ ቲማቲሙ ወጥ ሆኗል፤ ሱቁም ከሌላ ገዝቷል። ጫኝና አውራጁስ? ሁለት ጊዜ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ያስከፍሉሃል፤ ሰፈራችሁ ያሉትማ ዕቃውን ሳይነኩትም ያስከፍላሉ። ወጪው ከሻይ ከዳቦ አይዘልም ያልከው ለእነሱ የምትከፍለውን ሳትቆጥር ነው።

እኔ ኤሌክትሪክ አይምጣ አላልኩም። የተከራከርኩት «ትንሽ» በሚለው ላይ ነው። እዚህ አገር ትንሽ መኪና የለም፤ ያልተጫነ መኪና ነው ያለው። አሥራ አምስት ኩንታል የሚያነሳ፣ ባሌስትራው ከፋብሪካ የወፈረ ኤሌክትሪክ አምጡልኝ፤ እኔው ራሴ አስመርቀዋለሁ። ሰባት ኩንታል ይበቃኛል የሚለው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብቻ እውነት ነው፤ ረፋድ ላይ አንተው ራስህ ትሽረዋለህ።

ገመዱስ?

ሹፌሩ፦

አሥራ አምስት ኩንታል የሚያነሳው ዋጋው ሰማይ ነው፤ ያን ጊዜ ገዢው እኔ አልሆንም፣ ለአንድ ባለሀብት ተቀጥሬ ነው የምነዳው። ትንሽ ያልኩት መጫን ስለማልወድ አይደለም፤ የራሴ ትሆን ዘንድ ነው። ሊብሬው ላይ የእኔ ስም የሚጻፍባት ስትሆን «ይበቃል፣ አልጨምርም» ማለት የምችል ይመስለኛል። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ ሞክሬው አላውቅምና።

ስለ ጫኝና አውራጅ ያሉትን ሰምቻለሁ።

የዚያችን ባሌስትራ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ከማንም አልሰማም። ቅዳሜ ወስጄ አስወጣታለሁ፤ እርስዎ ጋ አይደለም።