ሁለት መስመር ብቻ አታቅምሱን!

ጠዋት ቡናዬን ይዤ የአርኤስኤስ ማንበቢያዬን እከፍታለሁ። የምወዳቸው ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ በተርታ ይመጣልኛል። አርኤስኤስ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የጉግል ማንበቢያ የነበረው ጉግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ እንኳ አልሞተም። አሁን ግን አንዱ የዜና ድረ ገጽ ሁለት መስመር ብቻ መላክ ጀምሯል። «ሙሉውን ለማንበብ እዚህ ይጫኑ።» እሺ፣ እጫናለሁ። ማስታወቂያው ይዘረገፋል። ኩኪ ተቀበል ይለኛል። ኢሜይልህን ስጥ ይለኛል። ዳታዬ እዚያው ያልቃል! ሌላው ደግሞ ጭራሽ የአርኤስኤስ መላኪያውን (ፊዱን) አጠፋና «ቴሌግራም ላይ ተከተሉን» አለ። ስገባ የማገኘው የጫማ ሽያጭ ነው (ጫማውስ ባልከፋ)። ኧረ ተዉን! የሦስት ቀን ዜና ትኩስ አስመስሎ የሚያቀርብ የማኅበራዊ ሚዲያ አልጎሪዝም (የምናየውን የሚመርጥልን ፕሮግራም) ሰልችቶኛል። በቀኑ ተራ የተደረደረ ጽሑፍ መላክ ይህን ያህል ከበዳችሁ?