ውዳሴ ዘ‹ኢንድ ታስክ›

ኮምፒውተሩ ትንሽ ዘገም ባለ ቁጥር በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ስሙን የማያውቀውን ሁሉ ‹ኢንድ ታስክ› (ይዘጋ) ለሚል ዜጋ እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫናል፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያበጥረዋል። ክሮምን ያውቀዋል፣ ቴሌግራምን ያውቀዋል፣ ወርድንም ያውቀዋል። የቀረው ሁሉ ቫይረስ ነው። መርማሪው እሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ እሱ፣ ዳኛው እሱ፤ ይግባኝ ብሎ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ተከሳሽ ምንጊዜም ‹ኤስቪሲሆስት› ነው። ወንጀሉ መብዛቱ ነው። አንድ ሁለት ቢሆን በይቅርታ ይታለፍ ነበር፤ ስልሳ ሰባ ሆኖ ተሰልፎ ሲታይ ግን የትኛው ጀግና ይታገሣል? ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች «ይሄ እኮ የዊንዶውስን አገልግሎቶች የሚያስተናግድ ነው» እያሉ ይነዘንዛሉ። ድሮ ብዙ አገልግሎት በአንዱ ውስጥ ታጭቆ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ግን ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በሚበልጥ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ ለየብቻቸው እንዲሠሩ ተደረገ፤ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ እንዳይወድቅ። የትኛው ምን እንደያዘ ማየት የፈለገ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ‹ታስክሊስት /ኤስቪሲ› ብሎ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ለጀግና ዝባዝንኬ ነው። አንዱን ይመርጥና ይገድላል፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም ዋይፋዩ ይቋረጣል። «አያችሁ፣ ቫይረሱ ሊበቀለኝ ነው» ይልና ቀጣዩን ይገድላል።

ዊንዶውስ ያለ እሱ መቆም የማይችለውን ‹ሲኤስአርኤስኤስ›ን የሚደፍሩት ደግሞ ለብቻቸው ማዕረግ ይገባቸዋል። እዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ይለማመጣል፦ ይህን ከዘጋኸው ሲስተሙ ከጥቅም ውጪ ይሆናል ወይም ይጠፋል፣ ሴቭ ያላደረግከውም አብሮ ይሄዳል፣ እርግጠኛ ነህ? ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካልተደረገ ማጥፊያው አይሠራም። ጀግናው ምልክቱን ያደርጋል። ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ሳጥኗን ብቻ ለይቶ ማግኘት በራሱ ተሰጥኦ ነው። ሰማያዊው ስክሪን ‹ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ› ብሎ መርዶውን ሲነግረው እንኳ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይጠረጥርም።

‹ኪይማን›ም አልተረፈም። በእሱ አማርኛ የሚጽፈው ሰውዬ ራሱ ‹ኪይ› የሚለውን ያይና «ኪይሎገር ነው፤ የይለፍ ቃሌን እየሰረቀኝ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል። ወዲያው «ኮምፒውተሬ አማርኛ አልጽፍ አለኝ» የሚል አቤቱታ ይከተላል። አቤቱታው በላቲን ፊደል ነው።

ጀግንነቱ የእኛ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ዓለምም የራሱ አርበኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 ‹ሰልፍኤንቢኬ የሚባል ፋይል ካገኛችሁ ቫይረስ ነውና አጥፉ፤ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ› የሚል ኢሜይል ዞረ። ሰው ፈለገ፤ አገኘም። እንዴት አያገኝ! ከዊንዶውስ 98 ጋር አብሮ የመጣ፣ ረጅም የፋይል ስሞችን የሚመልስ ንጹሕ መሣሪያ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ምልክቱ የድብ አሻንጉሊት የሆነ ሌላ የዊንዶውስ ፋይል በዚሁ መንገድ ተወገዘ። አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ሰዉ የቫይረሱን ሥራ በገዛ እጁ ሠራለት። ዛሬ ኢሜይሉ በቴሌግራም ተተክቷል፤ ‹ሼር አድርጉ› የሚለው ግን ከክብር ቦታው አልተነቃነቀም።

በሌላ ወገን፣ ከመግደላቸው በፊት የሚጠይቁ ፈሪዎች አሉ። አካሄዳቸው ያስቃል። ስሙ ላይ በቀኝ ይጫኑና ‹ኦፕን ፋይል ሎኬሽን› ይላሉ፤ አድራሻውን ሊያዩ። እውነተኛው ኤስቪሲሆስት የሚገኘው ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም32 ውስጥ ነው፤ ባለ32 ቢቱ ወንድሙ ደግሞ እዚያው አጠገብ ሲስዋው64 ውስጥ። ‹አፕዳታ› ወይም ‹ቴምፕ› በሚባሉት ፎልደሮች ውስጥ ሲሠራ ከተያዘ ስሙን የሰረቀ ሌላ ነው። ከዚያ ፊደል ይቆጥራሉ፦ ቪና ሲ ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ፣ በኦ ፈንታ ዜሮ ተሰክቶ እንደሆነ፣ የሌላው የዊንዶውስ ፕሮግራም የ‹ኤልሳስ› የመጀመሪያዋ ትንሿ ኤል በትልቋ አይ ተተክታ እንደሆነ። ቀጥሎ ፕሮፐርቲስን ከፍተው የሠሪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ ይፈልጋሉ። የፊርማው ገጽ ባይኖርም አይፈርዱም፤ የብዙዎቹ የዊንዶውስ ፋይሎች ፊርማ ያለው ፋይሉ ላይ ሳይሆን ለብቻው በተቀመጠ ካታሎግ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠውን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ያወርዱና ‹ቬሪፋይ ኢሜጅ ሲግኔቸርስ› የሚለውን ያበራሉ። እዚያው ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች የሚያስመረምረውን ቫይረስቶታልን ካበሩ፣ የፋይሉ ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ የጣት አሻራው) ብቻ ተልኮ ወደ 70 የሚጠጉ አንቲቫይረሶች ምን እንዳሉበት ይመጣላቸዋል። አንድ ሁለቱ ብቻ ከጮኹ የሐሰት ደወል ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ሠላሳው ከጮኹ ያምናሉ። ፋይሉን ራሱን ወደ ቫይረስቶታል መላክ ግን ይፈራሉ፤ የቢሮ ምስጢር ካለበት ሌሎች ሊያወርዱት ይችላሉና። ለአንድ ፕሮሰስ ይህ ሁሉ ደጅ መጥናት!

የሚገርመው፣ ፈተናውን ሁሉ ያለፈውንም አያምኑም። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ሲሰካና ሲከፈት ስክሪፕት የሚባሉ የትእዛዝ ፋይሎችን የሚያስኬደው ‹ደብሊውስክሪፕት› ይነሣል። አድራሻው ሲስተም32፣ ፊርማው የማይክሮሶፍት፣ ፊደሉ ትክክል፤ ቫይረስቶታልም ንጹሕ ነው ይለዋል። ፈሪው ግን ታስክ ማናጀር ውስጥ ‹ዲቴይልስ› የሚለው ገጽ ላይ ሄዶ፣ የዐምዶቹን ራስጌ በቀኝ ተጭኖ፣ ‹ሴሌክት ከለምንስ› ውስጥ ፕሮግራሙ በምን ትእዛዝ እንደተነሣ የሚያሳየውን ‹ኮማንድ ላይን›ን ያበራል። ያኔ ያ ጨዋ ፕሮግራም አፕዳታ ውስጥ የተሸሸገ፣ ስሙ የፊደል ቁልል የሆነ ስክሪፕት ሲያስኬድ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ይኸው ስክሪፕት ነው፤ ሾርትከቱ ሲነካ ስክሪፕቱም ይነሣል፣ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ባለቤቱም ምንም አልሸተተውም። ጀግናው እዚህ ጋ ደብሊውስክሪፕትን በአንድ ምት ጥሎ «አለቀ!» ይላል። ኮምፒውተሩ እስኪዘጋ ድረስ ልክ ነው። ሲበራ ተመልሶ ይመጣል፤ የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ በሆነው ሬጂስትሪ ወይም ፕሮግራሞችን በቀጠሮ በሚያስነሣው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ማስነሻ ትቷልና። ፈሪው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነሡትን የሚዘረዝረውን ‹አውቶራንስ›ን ከፍቶ ማስነሻውን ሲነቅል፣ ስክሪፕቱን ሲያጠፋ፣ ፍላሹን ሲያጸዳ ያመሻል። ጀግናው በየቀኑ አዲስ ድል አለው።

ለማያውቀው እንዲህ የሚጨክን ሰው ለሚያውቀው ልበ ሩኅሩኅ ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ብሂል ኮምፒውተር ላይ በተግባር ያዋለው እሱ ነው። ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር ያወርዳል፤ መመሪያው ‹መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ› ይለዋል፤ ያጠፋል። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ኋላ እንዳያስቸግር ሲ ድራይቭን እንዳለ ‹ኤክስክሉዥን› (አይፈተሹ የተባሉት ዝርዝር) ውስጥ ያስገባዋል። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ሲጠየቅ ‹የስ› ይላል። ከዚያ ፋኑ ማጓራት ይጀምራል፤ ማይነር ገብቶ በእሱ መብራትና በእሱ ፕሮሰሰር ለሌላ ሰው ክሪፕቶ እያመረተ ነው። አንዳንዱ ማይነር ታስክ ማናጀር ሲከፈት ራሱን እንዲያቆም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሲፒዩው ከ100 ፐርሰንት ወደ ጥቂት ይወርዳል፣ ፋኑም ጸጥ ይላል። ጀግናው ምክንያቱን ያውቃል፦ «ገና ሲያየኝ ፈራ!»

ይህም ሁሉ አልበቃ ሲል ፎርማት አለ። ‹ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን› ዊንዶውስ ሳይነሣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ ‹ኤስኤፍሲ /ስካንናው› የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ይጠግናል፤ ሁለቱም በነፃ ስለሆኑ ለክብሩ አይመጥኑም። ላፕቶፑ ወደ ሱቅ ይወሰዳል። ባለሙያው ፎቶና ሰነዱን ወደ ዲ ድራይቭ ይገለብጣል፣ ከነሾርትከቱ ከነስክሪፕቱ፤ ሲ ድራይቭን ያጸዳል፤ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱንና ሁለቱን ያለ ፈቃድ የሚያስከፍተውን አክቲቬተር ከአንዲት ፍላሽ ይጭናል፤ አክቲቬተሩ እንዲሠራ ዲፌንደርን ይዘጋል፤ የዲውን ይመልሳል። «አሁን እንደ አዲስ ሆነልህ» ይለዋል። ጀግናው ከፍሎና መርቆ ሳይጨርስ ፍላሿ ቀጣዩ ላፕቶፕ ላይ ተሰክታለች።