እርማት፦ ቀጥ ያለ መስመር ሾክ አይደረግም

በድንገተኛ ክፍል ነርሶች የሲሙሌሽን ልምምድ ላይ «ሞኒተሩ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሳይ ወዲያው ሾክ ማድረግ ነበረባቸው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ተሰጥቷል። በአክብሮት፣ ትክክል አይደለም። ሾክ (በደረት ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ምት) የተዘበራረቀ የልብ ኤሌክትሪክን ያስቆማል እንጂ የቆመውን አያስነሳም። ስለዚህ የሚሰጠው ለቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (የልብ የታችኛው ክፍል በተዘበራረቀ ሁኔታ ሲንቀጠቀጥ) እና ትርታ ለሌለው ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ይኸው ክፍል እጅግ ፈጥኖ ሲመታ) ነው። አሲስቶሊ (ቀጥ ያለው መስመር፣ የልብ ኤሌክትሪክ ሲቆም) ላይ ነርሷ ለሾክ ብላ እጇን ከምትጫነው ደረት ባነሳች ቁጥር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሞኒተሩ ሽቦ አለመላቀቁ ይታይ። ከዚያ አዋቂ ከሆነ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን፣ አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር በየ3–5 ደቂቃው፣ ሪትሙን (የልብ ኤሌክትሪክ አመታቱን) በሞኒተሩ በየ2 ደቂቃው ማየት። ለማረጋገጥ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት) የሚያመነጭ ማኒኪን (የልምምድ አሻንጉሊት) አሲስቶሊ ላይ አድርጋችሁ ኤኢዲ (ሾክ ያስፈልግ እንደሆነ ራሱ የሚለይ መሣሪያ) አገናኙበት፤ ሾክ እንደማይመከር ራሱ ይናገራል።